ረመዳንና ዐቢይ ጾም በአንድ ዶርም

የአንባቢዋ ደብዳቤ

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ሴቶች ነን፤ ሦስታችን ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ አንዷ ፕሮቴስታንት። ዘንድሮ፣ በ2018፣ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡና ሰላማችን ጠፋ። ከበላዬ የምትተኛው ልጅ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ለሱሁር (ከንጋት በፊት ለሚበላው ምግብ) ትነሳና መብራት ታበራለች። ባለፈው ሐሙስ መስኮቱ ጋ የምትተኛው ልጅ (እሷም እንደኔ ኦርቶዶክስ ናት) ብርድ ልብሷን ገልጣ ‹ይሄ ዶርም ነው መስጊድ?› አለቻት። ማንም ምንም አልመለሰም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ልጆች ሱሁር የሚበሉት ኮሪደር ላይ ቆመው ነው።

በማግስቱ ከበላዬ የምትተኛው ልጅ ከቤት የተላከላትን ሳምቡሳ ‹የምስር ነው፣ የጾም ነው› ብላ ሰጠችኝ። ‹ጠግቤያለሁ› አልኳት። እውነቱን ለመናገር ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ቢሆንስ ብዬ ነው። እሷ ግን ከመስኮቷ ልጅ ጋር ያበርኩ መስሏት ተቀየመችኝ። ፕሮቴስታንቷ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል እንቁላል ሳንዱች ይዛ ትገባለች። ለማስታረቅ ብዬ ‹ለፋሲካ ስድስታችንም አዋጥተን በግ እንግዛና የሁላችንንም በዓል በአንድ ቀን እናክብር› ብል ማንም ደስ አላለውም። በዚያ ላይ አንድ መምህር ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) የቀጠረን መጋቢት 11 ነው፤ ኢድ ሊሆን ይችላል እየተባለ ነው። ምን ላድርግ?

ከታችኛው አልጋ»

ምላሽ

ሰላም፣ የታችኛው አልጋ።

መጀመሪያ በጉን ተዪው። ሐሳብሽ ከቅንነት የመጣ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ማን ሊያርደው ነው? በስመ አብ ተብሎ የታረደውን ሁለቱ ልጆች አይበሉም። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደውን እናንተ ሦስታችሁ አትበሉም። ይህ ደግሞ አገር የሚያውቀው ነገር ነው። ሥጋ ቤት ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሳለው ለጌጥ አይደለም። ሠርግ ደጋሹም ሙስሊም ጎረቤቶቹን ሲጠራ በሙስሊም አሳርዶ፣ ድስቱንና ጭልፋውን ለይቶ፣ ወጥ ሠሪዋንም ከእነሱው ለምኖ ነው የሚያስተናግደው። እንግዳውም «ለየኝ» ብሎ አይቀየምም። እንዲያውም የሚቀየመው ሳይለዩለት ሲቀሩ ነው። አንቺ «ሁላችንም ከአንድ ድስት» ስትዪ ፍቅርሽን መግለጽሽ ነበር። ለእነሱ ግን እምነትሽን ወይም ጓደኝነትሽን ምረጪ እንደተባሉ ሆኖ ተሰምቷቸው ይሆናል። ዝም ያሉሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለቱን በዓል ደርቦ በአንድ ቀን ማክበርም አይሆንም። ወር ሙሉ ጾሞ ኢድን የጠበቀ ሰው ኢዱን ይፈልጋል። 55 ቀን ጾሞ ፋሲካን የጠበቀም ፋሲካውን። «የዶርም በዓል» የሚባል ነገር ማንም አልናፈቀም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ስድስት ሰው ከአንድ ትሪ ሊበላ ከፈለገ ከዚህ ወር የተሻለ ጊዜ የለውም። እናንተ የተጣላችሁት በዚሁ ወር መሆኑ ነው የሚገርመው። እስቲ አስቢው። በዐቢይ ጾም እናንተ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አትነኩም። ሥጋ ከሌለ ደግሞ «የማን እርድ ነው?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ተምር፣ የምስር ሳምቡሳ ስድስታችሁም ትበላላችሁ። ሰዓቱም ይገጥማል። እስከ 9 ሰዓት የምትጾመው ልጅ ከፈታች በኋላ ነው ማታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ የማፍጠሪያው ሰዓት የሚደርሰው። በፍስኩ ወቅት አንድ ገበታ ላይ ለመቀመጥ ስንት ነገር መለየት አለባችሁ። አሁን ግን ጾማችሁ ራሱ ገበታውን አስተካክሎላችኋል።

ይህ ደግሞ በየዓመቱ የሚገኝ አጋጣሚ አይደለም። ረመዳን በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል። ዐቢይ ጾም ደግሞ በቤተ ክርስቲያኗ የዘመን አቆጣጠር፣ በባሕረ ሐሳቡ ቀመር፣ ከየካቲት 1 አይቀድምም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። በ2016፣ አንቺ ፍሬሽ እያለሽ፣ ሁለቱም መጋቢት 2 በአንድ ቀን ገቡ። አምና በአንድ ሳምንት ውስጥ። ዘንድሮም እንደዚያው። ለከርሞ ግን ረመዳን ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ነው ዐቢይ ጾም የሚገባው። ደግሞ ወሩን ሙሉ አብሮ ለመጾም ሠላሳ ዓመት ገደማ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያኔ የእናንተ ልጆች ናቸው ዶርም ውስጥ የሚጣሉት።

ስለዚህ በጉን ተዪና አንድ ማታ አብራችሁ አፍጥሩ። ዶርም ውስጥ ምድጃ አትሰኩ፤ ፕሮክተሯ ምድጃ ስትወርስ ሃይማኖት አትለይም። ከግቢ በር ውጭ ካሉት ነን ካፌ (በግቢው ካፌ የማይመገቡ ተማሪዎች) የሚመገቡባቸው ቤቶች ሽሮና ምስር በዕቃ አስሞሉ። «ቅቤ እንዳይገባበት» ማለትን አትርሺ፤ የጾም ነው እየተባለ ቅቤ ጣል የሚደረግበት ሽሮ አይጠፋም። ተምሩን እነሱ ያምጡ። አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። አዛን ሲል መጀመሪያ በተምርና በውሃ ይፈቱና መግሪብ ይሰግዳሉ። ምግቡ ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩላችሁ ትሪውን ከፍታችሁ «ኑ እንጂ፣ ቀዘቀዘ» እያላችሁ አታጣድፏቸው። የመስኮቷ ልጅ «ከእነሱ ጋር አልቀርብም» ካለች አትጫኚያት። የእሷም መብት ነው። አምስት ሆናችሁ ብሉ።

ሳምቡሳው ላይ ያጠፋሽው አለመብላትሽን አይደለም። «ጠግቤያለሁ» ማለትሽን ነው። ከዋዜማው ያ ንግግር ከተወረወረ በኋላ ማን ያምንሻል? ዛሬውኑ ሂጂና እውነተኛውን ምክንያት ንገሪያት። «ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት እንዳይሆን ፈርቼ ነው፤ ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ» በያት። ይህን ከማንም ይበልጥ የምትረዳሽ እሷ ናት። ምግብ ቤት ስትገባ «ሥጋው የማን ነው? ድስቱስ?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ እኮ ናት። በሃይማኖት ምክንያት የተመለሰ ጉርሻ ለሚጾም ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ያለ ምክንያት የተመለሰ ጉርሻ ነው የሚያሳምመው። ደግሞ «የጾም ነው» ብላ የሰጠችሽ እሷ ስለ አንቺ ጾም አስባ ነው። ያን እንዳየሽላት ንገሪያት።

«ዶርም ነው መስጊድ?» የሚለው ግን ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ይቅርታ መጠየቅ ያለባት የተናገረችው ራሷ ናት። አንቺ በእሷ ስም ይቅርታ አትጠይቂ፣ ወሬም አታመላልሺ። የምትችዪው የመስኮቷን ልጅ ለብቻዋ ይዞ ማውራት ነው፤ ከዶርም ውጭ፣ ላውንጅ ሻይ እየጠጣችሁ ቢሆን ይሻላል። «እንቅልፍ ማጣትሽ ልክ ነው፣ ያልሽው ግን ልክ አይደለም» በያት። ሁለቱን ለይተሽ ከነገርሻት ትሰማሻለች። እሷም እኮ እሁድ ለቅዳሴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ ነጠላ ስትፈልግ የሎከሩ በር ጓ ጓ ማለቱ አይቀርም። ፕሮቴስታንቷም አዳር ጸሎት ሄዳ ንጋት ላይ በሩን ስታንኳኳ የሚነቃ ሰው አለ። ማን ማንን ቀሰቀሰ ብላችሁ መቁጠር ከጀመራችሁ ከስድስታችሁ የሚተርፍ የለም።

ለመብራቱ ደግሞ መላ አለው። ሱሁር የምትበላው ልጅ ምግቧን፣ ውሃዋንና ማንኪያዋን ማታውኑ ራስጌዋ ታዘጋጅ። ፌስታል ሌሊት ሲንኮሻኮሽ ከመብራት ይብሳል፤ ክዳን ያለው ዕቃ ይሁን። አላርሟ ንዝረት ላይ ሆኖ ትራሷ ስር ይግባ። የጣሪያው መብራት አይብራ፤ የስልክ መብራት ወደ ግድግዳ ዞሮ ይበቃል። እናንተ ደግሞ ለአንድ ወር ያህል ጆሯችሁን በጥጥ መድፈን ያቅታችኋል? ካፌያችሁ ለሚጾሙ ተማሪዎች ሰዓት የሚያስተካክል ከሆነም የተማሪዎች አገልግሎትን ጠይቁ፤ የማታውንና የሌሊቱን አንድ ላይ የሚያወጡ ግቢዎች አሉ። ኮሪደር ላይ ቆሞ መብላት ግን ዛሬውኑ ይቁም። በገዛ ዶርማቸው እንግዳ መሆን የለባቸውም።

ፕሮቴስታንቷን በተመለከተ፣ ሳንዱቿን ተዉላት። እሷ ይህን ጾም የመጾም ግዴታ የለባትም፤ በራሷ ክፍል፣ በራሷ አልጋ ላይ ነው የምትበላው። ጾም የሚከብደው ሌላው ስለበላ ከሆነ ችግሩ ከእንቁላሉ አይደለም። ሽታው ካስቸገረ በትህትና «በመስኮቱ በኩል ብትበዪው» ማለት ይቻላል። እሷም ለአንድ ወር ላውንጅ በልታ ብትገባ ቅር የሚላት አይመስለኝም፤ ግን ጠይቋት እንጂ አትገላምጧት።

የሴቶች ዶርም ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። በረመዳን መሃል ከሁለቱ አንዷ ቀን ውሃ ስትጠጣ ብታዩ «ዛሬ አትጾሚም እንዴ?» ብላችሁ አትጠይቁ። በወር አበባ ጊዜ አይጾሙም፤ ያለፋቸውን በኋላ ያወጡታል። እናንተም በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ስለማትገቡ «ለምን ቀረሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ወንድ ክፍል ጓደኛ ሲያጋጥማችሁ የሚሰማችሁን ታውቁታላችሁ። ሴት ለሴት ይህን ያህል መተዋወቅ አያቅትም።

ሚዱ ላይ ግን ነገ ዛሬ አትበሉ። ኢድ አልፈጥር የዘንድሮው መጋቢት 10 ወይም 11 አካባቢ ነው፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ጨረቃ ስትታይ በዋዜማው ማታ ነው። መጋቢት 11 ከዋለ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ፈተና የለም። ችግሩ ያለው እዚያ አይደለም። መምህሩ ማታ በቴሌግራም «ፈተናው ወደ ነገ ቅዳሜ ተዛውሯል» ብሎ ይጽፋል። ቤተሰቧ ጋ ለኢድ የሄደችው ልጅ ያኔ መንገድ ላይ ናት። ክፍላችሁ ውስጥ አድቬንቲስት ተማሪ ካለ ደግሞ ቅዳሜ ለእሱ ሰንበት ነው። ሜካፕ (የማካካሻ ፈተና) ሁሉ ቅዳሜ ላይ ሲቆለል ማንም የማያስታውሳቸው እነሱን ነው። ኢዱ መጋቢት 10 ቢውልም በማግስቱ ሚድ መቀመጥ ማለት ኢዱን ስትቸክል መዋል ማለት ነው። ስለዚህ የክፍሉ ሪፕ (ተወካይ) ከአሁኑ መምህሩ ጋ ይሂድና ሁለቱንም ቀን ነግሮ ወደ ሰኞ መጋቢት 14 እንዲያዛውር ይጠይቅ። ሪፑ ሙስሊም ባይሆን ይመረጣል። ክርስቲያን ተማሪ ስለ ኢድ ሲጠይቅ የክፍሉ ጥያቄ ይሆናል። ሙስሊሟ ብቻዋን ስትጠይቅ ግን «ለእኔ ብላችሁ» ያለች ይመስልባታል። ለስቅለትም እንዲሁ፤ ዘንድሮ ሚያዝያ 2 ነው፣ እሷም ስለ እናንተ ትናገር።

ይህን የምለው የበዓል ቀን ራሱ በቀላሉ ስላልተገኘ ነው። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ኢድ ብሔራዊ በዓል አልነበረም። ሙስሊም ተማሪም ሠራተኛም በበዓሉ ቀን ትምህርቱና ሥራው ላይ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ የእኩልነት ጥያቄ ይዞ የወጣው የሙስሊሞች ሰልፍ ካነሳቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የበዓላት ጉዳይ ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተው ነበር። ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ ከዚያ በኋላ ነው በደርግ ጊዜ ብሔራዊ በዓል የሆኑት። ዛሬ መምህሩ ቀኑን እንዲያዛውር መጠየቅ ከዚያ አንጻር ትንሽ ነገር ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የኢድ ወይም የፋሲካ ፕሮግራም ብላችሁ ግቢ ውስጥ ማይክ ያለው ነገር ለማዘጋጀት አትሞክሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ አስተዳደሩም በዚህ አይቀልድም። ለዚህ ነው ግቢ ጉባኤው በአቅራቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጀመዓው መስጊድ፣ ፌሎሺፑም ውጭ አዳራሽ የሚሰበሰበው። ስድስት ሰው ዶርም ውስጥ ሽሮ ሲበላ ግን የሚከለክል የለም።

የኢድ ቀን ምን ላድርግ ካልሽ፣ ኢዱ በጾማችሁ መሃል ስለሚውል የበዓላቸውን ሥጋ አትበሉላቸውም። እነሱም ያውቁታል። ያን ቀን የዶርም ተራ የማን እንደሆነ እዪ። የእነሱ ከሆነ አንቺ ጥረጊ፣ ውሃም አንቺ ቅጂ። ጠዋት ለሰላት ሲወጡ ገላ መታጠቢያው ላይ ወረፋ ልቀቁላቸው፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ይህ ከስጦታ ይበልጣል። ሲመለሱ ቡና ይጠብቃቸው፣ ቄጠማም ጎዝጉዙ። ቤተሰባቸው ጋ ከሄዱ ደግሞ ያመለጣቸውን ማስታወሻ ቅጂላቸው። ፋሲካ ሲደርስ ይህንኑ ለእናንተ ያድርጉላችሁ። የመስኮቷ ልጅ ሌሊቱን አስቀድሳ ስትመጣ ተኝታ የምትውልበት ጸጥታ ቢሰጧት በቂ ነው።

አብሮ መብላቱ በጣም ከናፈቀሽ ከፋሲካ በኋላ አንድ ምሽት አለሽ። ፋሲካ ዘንድሮ ሚያዝያ 4 ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ያኔ ዓሣ ብሉ። ዓሣ አይታረድም፤ እርድ ከሌለ የእርድ ጥያቄም የለም፣ ሁላችሁም ትበሉታላችሁ። ሲጠበስ ግን የዘይቱን ነገር ጠይቂ። በዚህኛው ጊዜ አፍ አውጥተሽ ጠይቂ። ሁለቱም ልጆች ይጠይቁ። ፕሮቴስታንቷ ምንም ስለማትጠይቅ ገንዘቡን እሷ ትያዝ።

ቀኑን ከአሁኑ ቁረጡት። ሚያዝያ ውስጥ ይሁን፤ ግንቦት ከገባ ፋይናል ነው፣ ያኔ አብራችሁ የምትገናኙት ላይብረሪ ስፔስ ስትሻሙ ብቻ ነው።